ሰዓድ የመረጠው ካምቢዮ

ስለ ወንድሜ ስለ ሰዓድ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ወደ ሱቄ ጓዳ አስገባዋለሁ። እዚያ ጥግ ላይ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ፣ አንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የመኪና ማርሽ ሳጥን፣ ተቀምጧል። «ይኼ ምንድነው?» ይለኛል ሰውየው። «ወንድሜ ያልመረጠው ነው» እለዋለሁ። ወሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኔ ፈዲላ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያና የፍሬን ሸራ እሸጣለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከሾፌርና ከመካኒክ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት፣ ምላሴ አጥሮ ምን ልበላ? ሰዓድ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። እናታችን ስትሞት የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እና ወንድሜ ስላችሁ ልጄ እንዳልኳችሁ ቁጠሩት።

ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቷል። በረሃ ላይ የሚወዳደሩ መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር። አንድ ቀን ካምቢዮ ሲያወርዱ ክሪኩ ተንሸራተተና ያ ሁሉ ብረት ግራ ጉልበቱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ጉልበት የሌለውን ሐበሻ እዚያ ማን ይቀልበዋል? ሸኙት። በ2010 መጨረሻ፣ አገር ምድሩ ስለ ለውጥና ስለ መደመር በሚያወራበት ሰሞን፣ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ። ሻንጣው ከብዶኝ ስከፍተው ግማሹ መፍቻ ነው።

«አንተ፣ ሰው ከጅዳ ሽቶ ይዞ ይመጣል፤ አንተ ብረት ተሸክመህ ትመጣለህ?» አልኩት።

«እታለም፣ ሽቶ ያልቃል» አለኝ።

ከሱቄ ጎን ቆርቆሮ አልብሶ ጋራዥ ከፈተ። እጁ የተባረከ ነበር፤ ሥራውንም ሰው ወደደለት። የነበረበት ችግር ሕልሙ ነው። አዲስ አበባ የመኪና ውድድር አለ፣ ራሊ ይሉታል፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ከሐይቅ የወጣች መኪና ካላቆምኩ አልሞትም ይል ነበር። አፈር በበላሁ፣ እንዲህ እያለ ነበር የሚምለው።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይሄድብኝ። በዚያ ሰሞን ከዓረብ አገር የተመለሱት ልጆች ስድስት ወር ሳይቀመጡ እንደገና ባሕር ሊሻገሩ ይነሡ ነበር። ሰዓድም ማታ ማታ ዝም ሲል ልቡ የት እንዳለ አውቅበታለሁ። እና አንድ የድሮ ኮሮላ ገዝቶ እየጎተተ ሲመጣ አፌን ያዝኩ። ራሊው ከያዘው ይያዘው፣ ባሕር ከሚበላው ብረት ይብላው ብዬ ነው።

የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ጣለ። ውስጧን በብረት ቧንቧ እንደ ዶሮ ቆጥ አጠረው፤ ስትገለበጥ ጣሪያዋ እንዳይጨፈለቅ ነው አለኝ። «ስትገለበጥ?» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀብኝ። ሞተሯ ደህና ነበር፤ ካምቢዮዋ ግን ጥርሱ ተበልቷል። ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለስ ከርሞ በመጨረሻ ሁለት ካምቢዮ ጭኖ መጣ። አንዱ ማኑዋል ነው፣ ሌላው አውቶማቲክ። አንዱን መርጦ ሌላውን ሊመልስ ከሻጩ ጋር ተስማምቷል።

ሁለቱን ጋራዡ ደጃፍ ጆንያ ላይ አጋደማቸው። ያንን ቀን አልረሳውም። የሐይቅ ወንድ በሬ ሊገዛ እንደሚሰበሰበው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ይደበድበዋል፣ አንዱ ያዞረዋል፣ ስለ ካምቢዮ አንዲት ነገር የማያውቀውም ጎንበስ ብሎ ያያል። ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉጌታ መጡ። በወጣትነታቸው አሰብ ድረስ ተሳቢ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ወሬ አላበዙም። ጣታቸውን በዘይት መውጫው ከተቱና ዘይቱን በሁለት ጣት አሻሽተው አሸተቱት። የማኑዋሉን አዩ፤ የአውቶማቲኩንም አዩ። «ሁለቱም አልተቃጠሉም። ብናኝ ብረት የላቸውም። ምርጫው የልጁ ነው» አሉ።

እኔ ከሱቄ ወጣሁ። «ምን ምርጫ አለው? ፍሪሲዮን የሚረገጠው በየትኛው እግር ነው?» አልኩት በሰው ፊት።

«በግራ።»

«የተሰበረው የትኛው ጉልበትህ ነው?»

«ግራ።»

«ታዲያ አውቶማቲኩን ግጠምና ገላግለና! ፍሪሲዮን የለው፣ ጭቅጭቅ የለው።»

«እታለም፣ ጉልበቴን የሰበረው እኮ አውቶማቲክ ነው። ጠላቴን መኪናዬ ውስጥ አላስገባም» አለ። ወንዱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ ግን ቁም ነገሩን ቀጠለ። ቁጢጥ ማለት ስለማይችል መሬት ላይ ተቀምጦ ማኑዋሉን በእጁ እያዞረ ነው። «ኩርባ ላይ መኪናዋ ራሷ ማርሽ ከቀየረችልኝ፣ የተወዳደረችው እሷ ናት፤ እኔ ተሳፋሪ ነኝ። የዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሹ ደግሞ ይቀራረባሉ። አምባሰል ዳገት ላይ ስትቀይሪለት ሞተሩ አይደክምም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ደግሞ ባትሪ ቢሞትስ? አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሣም፤ እዚያው እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ማኑዋል ግን ሰው ካለ ይነሣል። ሐይቅ ላይ ባትሪ ይጠፋል እንጂ የሚገፋ ሰው ጠፍቶ ያውቃል?»

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። አውቶማቲኩን ግን እንዲመልስ አልፈቀድኩም። ሻጩን አግባብቼ አስቀረሁትና ጓዳዬ ከተትኩት። «ጉልበትህ የከዳህ ቀን መጥተህ ትለምነኛለህ» አልኩት።

ማኑዋሉ ተገጠመ። ወላሂ፣ ያማረ ሥራ ነበር። መኪናዋ ነጭ ሆና ተቀባች፤ በሯ ላይ በቀይ «ሐይቅ» ብሎ ጻፈባት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። በራሊ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፣ ናቪጌተር ይባላል፤ እሱም አንቺ ነሽ አለኝ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሂጃቤን አጥብቄ፣ በብረት ቧንቧ መሐል! እምቢ ብል «የአምባሰልን መንገድ ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? በእግርሽ ገበያ ስትመላለሺበት ያደግሽበት አይደለም?» አለኝ። እውነት ነው፤ የእናታችን አገር አምባሰል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኔን ናቪጌተር አደረገኝ።

እሑድ እሑድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ ወደ ውጫሌ እንወጣለን። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ በማውቀው ነው። «የሐጂ ኑርዬ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ግራ፣ ሁለተኛ! የተዘጋው ወፍጮ ቤት፣ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ኩርባው ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። «ሴትዮ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ አንብቢ!» ይለኛል። «አላህን ፍራ፣ ቀስ በል!» እለዋለሁ። እግሩን አያለሁ፤ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። አሞህ ከሆነ ስለው «አያምም» ይላል። ውሸታም። ግን ሲመለስ ፊቱ ይበራ ነበር። ስለ ጅዳ ማውራት ተወ። አልሄደብኝም፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ባትሪዋ አሮጌ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በግፊ ነው የምትነሣው። ጋራዡ ፊት ለፊት መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ይላል፤ ታች ትንሽ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ወደ ደሴ ዳገቱ ይጀምራል። እኔን መሪ ላይ ያስቀምጠኝና እሱ ከመንገደኛው ጋር ይገፋል። «ሁለተኛ አስገቢ፣ ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ፍጥነት ስትይዝ ልቀቂ» ይላል። «ከያዘች ደግሞ እንዳታቆሚ!» ሞተሩ ሲይዝ እኔ በመስጊዱ በኩል ዞሬ እመለሳለሁ፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን «ሁልጊዜ ዞረሽ አይሆንም። ድልድዩን ተሻግረሽ ዳገቷ ላይ ቁሚልኝ» አለኝ። ግማሽ ፍሪሲዮን መያዝ ሊያስተምረኝ ነው። «ፍሪሲዮኑን መኪናዋ መንዘር እስክትጀምር ብቻ ልቀቂው፣ ነዳጅ ስጪ። ሞተሩ አይጠፋም፣ መኪናዋም አትንሸራተትም። እንደዚያ ይዘሽ ትጠብቂኛለሽ፤ እደርስብሽና እገባለሁ።» ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላ የነበረው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሳቁብኝ። ቁልፉን ነቅዬ ደረቱ ላይ ወረወርኩለት።

«ባለ ሱቅ ነኝ እኔ፣ የማንም ሾፌር አይደለሁም!»

«እሺ፣ ነገ እንቀጥላለን።»

«ነገህን ብላው!» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ለመነኝ። አንድ ጊዜም አልሞከርኩም። በመስጊዱ በኩል እየዞርኩ መመለሴን ቀጠልኩ።

የውድድሩ ነገር ዘንድሮ ለከርሞ ሲባል ኮሮና መጣ። ኮሮና ረገብ ሲል ጦርነት መጣ። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሰው ሐይቅ ትምህርት ቤት ሞላ። መብራት ጠፋ። ሰዓድ የመኪናዋን ባትሪ አውጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠና የተፈናቃዩን ስልክ በነጻ ይሞላ ጀመር። «ባትሪው አሮጌ ነው፣ ትጨርሰዋለህ» ብዬ ጮህኩበት። «ሰው እናቱን የት እንደጣላት ሳያውቅ፣ እኔ ባትሪ ለራሊ ላስቀምጥ?» አለኝ። ጨረሰውም።

በ2014 ጥቅምት፣ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ በአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ተሰማ። ከተማው ነቅሎ ወጣ። ኢሱዙው ሁሉ ሞልቶ ሄዷል፣ ሰዉ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ደሴ ይነጉዳል። ጎረቤቴ እናትነሽ የዘጠኝ ቀን አራስ ነበረች፤ ባሏ ዘምቷል። በእግሯ መሄድ አትችልም። ሰዓድ ወንበር በሌለው የመኪናዋ ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ እሷን ከነሕፃኗ አስተኛት። ልጄን ሒክማን፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፣ አጠገቧ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ መሪው ያንቺ ነው።»

«አንተ ንዳ፣ እኔ እገፋለሁ!»

«አንቺ ገፍተሽ አታንቀሳቅሻትም። የቀረው ወንድ እኔ ነኝ።» ዞር ብሎ ሲያይ ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸውን መኪናዋ ላይ አሳርፈዋል። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። «እኔና ጋሽ ሙሉጌታ» አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ ተናገረኝ። «ድልድዩን ስትሻገሪ ዳገቷ ላይ ያዢልኝ። እንዳሳየሁሽ። እደርሳለሁ፤ ገብቼ እነዳለሁ።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ብዬዋለሁ፤ በዚህ አፌ።

ገፉ። ሁለተኛ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ፍጥነት ስትይዝ ለቀቅኩ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ያዘ። ልክ በያዘበት ቅጽበት ከኋላችን አንድ ነገር ወደቀና ምድር ተንቀጠቀጠ፤ መስታወቱ አቧራ ብቻ ሆነ። ሕፃኑ ጮኸ፣ እናትነሽ «ማርያም! ማርያም!» አለች። ድልድዩን ተሻገርኩ። ዳገቱ ላይ ደረስኩ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ነበር፤ እምላለሁ፣ ላዩ ላይ ነበር። ባቆም ይጠፋብኛል፣ ወደ ኋላ ተንሸራትቼ እጨርሳቸዋለሁ አልኩ። ከትምህርቱ ሁሉ አንዱ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ከያዘች እንዳታቆሚ።

አላቆምኩም። በመስታወቱ አየሁት። ከአቧራው ወጥቶ፣ ያንን የማይታጠፍ እግሩን እየጎተተ፣ ይሮጣል። ሦስተኛ አስገባሁ።

«እማ! አጎቴ! አጎቴ ቀረ!» አለች ሒክማ።

«በሌላ መኪና ይመጣል» አልኳት።

ደሴ ገብተን ጠበቅነው። አልመጣም። ደሴም አላስቀመጠችን፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ወረድን። መኪናዋ በየመንገዱ ስትጠፋ የማላውቀው ሰው፣ ራሱ ተፈናቃይ የሆነ ሰው፣ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ይገፋልን ነበር። የሚገፋ ሰው አይጠፋም ያለው ሰዓድ ትክክል ነበር። ስልኩን ቀን ከሌት ደወልኩ። የሞላው የሰው ስልክ ነው፤ የራሱ ግን አልነሣ አለ።

ታኅሣሥ ላይ ሐይቅ ስንመለስ ሱቄ ተሰብሯል። ዘይቱም፣ ካንዴላውም፣ የጋራዡ መፍቻ ሁሉ ተወስዷል። አውቶማቲኩ ካምቢዮ ግን ለተሸካሚ ከብዶ ነው መሰል እዚያው ጥጉ ላይ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ገባኝ።

እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ከሄድን በኋላ ሰዓድ እስከ ዳገቱ መነሻ ሮጦ፣ እንደማይደርስ ሲያውቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሙሉጌታ አጠገቡ ሲደርሱ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል። «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰሟት? ሦስተኛ አስገባች! ምንም ሳታንገጫግጭ!» አላቸው። ከዚያ ሽማግሌውን ቤታቸው ላድርስዎ ብሎ ደግፏቸው ሲመለስ ሁለተኛው የመድፍ ጥይት ወደቀ። እሳቸውን የመንገድ ዳሩ ግንብ ከለላቸው። እሱን አልከለለውም። የቅሬው፣ የቀብር ማኅበሩ፣ ሰው ተበትኖ ስለነበር የቀሩት ስድስት ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጀናዛውን ተሸክመው መስጊዱ ጀርባ ቀበሩት።

ሰው ሊያጽናናኝ መጣ። «አብሽሪ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለኝ ሁሉም። ቀደሩን አልክድም። ግን ቀደር ፍሪሲዮን አይረግጥም፤ እግሩ የእኔ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ጋሽ ሙሉጌታን ብቻዬን ያዝኳቸው።

«እርስዎ ሾፌር ነዎት። በአላህ ይሁንብዎ፣ አይዋሹኝ። ዳገቷ ላይ ይዤ ብጠብቀው ይደርስብኝ ነበር?»

ከዘራቸውን አየት አደረጉ፣ መንገዱን አዩ።

«ይደርስ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ስለ እውነታቸው አላህ ይስጣቸው። ያን ቀን እንደ ውሻ ጮኼ አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁና ግማሽ ፍሪሲዮን ያስተምሩኝ አልኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አውቃለሁ፤ ሰው ሳይነግረኝ ራሴ ለራሴ ተርቼዋለሁ። እሳቸው ግን አልተረቱብኝም። ከዘራቸውን ይዘው ጎኔ ገቡ። ስንት ቀን ጠፋብኝ፣ ስንት ቀን ተንሸራተተችብኝ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት መኪናዋ ዳገቷ ላይ ቆመች። ትነዝራለች፣ አትሄድም፣ አትጠፋም። ጋሽ ሙሉጌታ ሰዓታቸውን አይተው «ፈተናውን አለፍሽ» አሉኝ።

መኪናዋን ሊገዛ የሚመጣ አለ። ያንን አውቶማቲክ ግጠሚላትና ለሰርግ አከራዪያት የሚለኝም አለ። ስድቤን ጠጥቶ ይሄዳል። አዲስ ባትሪም ግዢላት ይሉኛል፤ አልገዛም። የእናትነሽ ልጅ አድጓል፤ ግፊ ሲሆን እሱም ባለ በሌለ አቅሙ ተለጥፎ ይገፋል። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰፈሩ ወጥቶ ያስነሣልኛል። ድልድዩን እሻገርና ዳገቷ ላይ እይዛለሁ። የጎኑን በር ከውስጥ ከፈት አደርገዋለሁ። ከዚያ በመስታወቱ ቁልቁል እያየሁ፣ ግራ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ እጠብቀዋለሁ።